በ«ጓ» እና በ«ጓ» መካከል

ከደንገጎ ቁልቁል ጫት የጫነ አይሱዙ
ሲወርድ በኛ ሰፈር፣ እንዲህ ነው መዘዙ፤
ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ነጂው ሲጣደፍ
ሰው ይጠወልጋል በአስፋልቱ አፋፍ።

እኛም እንዲያው ስንኖር፣
ልጅ ስናሻግር ክንዱን አንጠልጥለን፣
ፍየል ሲገጭብን ዋጋ ተከራክረን፣
ሰው ሲገጭብን ግን ድንኳን ተክለን፣
«የአላህ ነው» ብለን፣ «የእግዜር ነው» ብለን
ወደ ኒም ጥላችን ስንመለስ፣
አንድ ማክሰኞ፣ ገና ሙቀቱ ሳይነሳ፣
የፈርዶሳ ልጅ ሙክታር ወተት ሊገዛ ወጥቶ…

አልሞተም።
ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣
ግጥም የለመደ ሰው ሞት ይጠብቃልና።
እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ፤
ወተቱ ፈሰሰ፣ አስፋልቱ በጥም ጠጣው፣
እስከ ቀትር ድረስ ነጭ ካርታ ሆኖ ቆየ።

ያን ጊዜ ጋሽ ዘርጋው ተነሳ፤
በሽማንደፈር ዘመኑ ሠላሳ ዓመት
ባንዲራ እያውለበለበ ባቡር ያቆመ ሰው፤
በአንዲት ቀይ ጨርቅ ያን ሁሉ ብረት!
«አቦ! ባቡር የሰማኝን
ጎማ እንዴት አይሰማኝም?» አለ።

ማመልከቻ ጻፍን።
የጻፈችው ኢፍቱ ናት፣ የሁመር ሻጯ የዘይነባ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል፤
ከእናቷ ጀሪካን ጎን ቁጭ ብላ
ሦስት ቀን መኪና ቆጠረች።
በደብተሯ ጀርባ አራት ጭረት፣ አምስተኛው አግድም፤
ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ።
«ቀስ ያለ» የሚል ዓምድም ነበራት፣
በሦስት ቀን የገባበት አንድ የአህያ ጋሪ ብቻ።

መልሱ በአርባኛው ቀን መጣ፣ እንደ ተዝካር፦
«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው። በጀት ሲፈቀድ ይታያል።»
ማኅተሙ ክብ ነበር፣ ልክ እንደ ጎማ።

እንግዲያው በራሳችን። ሲሚንቶው ተዋጣ።
ግን የት ይሁን?
አደም ባለሱቁ፣ «ከሱቄ ፊት ለፊት ነው የሚያምርበት፣
ነጂው ሲያዘግም መደርደሪያዬን ይይበት!»
እትዬ የሻረግ፣ «ከበሬ ይራቅ፣ ግድግዳዬ ጭቃ ነው፤
መኪና በነጠረ ቁጥር እኔ ነኝ የምፈርሰው!»
ሮብሌ ባለባጃጁ፣ «ወገቤስ?
በቀን መቶ ጊዜ እኮ ነው የምዘለው!»
ክርክሩ በአማርኛ ተጀመረ፣
በኦሮምኛ ጦፈ፣ በሶማልኛ ቀልድ ጨመረ፣
እኩለ ሌሊት ሆነ።
ፈርዶሳ ተነሳች፤
አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሄዳ
ወተቱ የፈሰሰበት ላይ ቆመች።

እዚያ ሆነ።
አካፋ መጀመሪያ ያነሳው ሮብሌ ነው።

አሸዋውን ደቻቱ ሰጠን፤
ክረምት ሲቆጣ ሰው የሚወስድ ወንዝ፣
በበጋ፣ ደርቆ ተኝቶ ሳለ፣
ሰው ሊያተርፍ ሆዱን አስቆፈረ።
ሴቶቹ ውኃ፣ ልጆቹ ድንጋይ፣
ጋሽ ዘርጋው ከሁለቱም ጫፍ ቀይ ጨርቅ፤
ያን ሌሊት ጫቱ እንኳ ተሰልፎ ጠበቀ።

ሰኞ ትራፊክ ፖሊሱ መጣ።
በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው፣
«ማን ፈቀደላችሁ?»
ዝም አልን። ኢፍቱ ደብተሯን ሰጠችው።
ገለጠ፣ ገለጠ፣
የጋሪዋ ጭረት ላይ ሲደርስ ቆባውን አወለቀ፣ ላቡን ጠረገ፣
«ቀለም ቀቡት እንጂ፤ በጨለማ አይታይም» ብሎ ሄደ።

አሁን ፈርዶሳ ሌሊት የምትሰማው ይህን ነው፦
ጓ። የፊት ጎማ።
ጓ። የኋላ ጎማ።
በመካከላቸው ያለችው ዝምታ
የእሷ ሚዛን ናት።
አጠር ስትል ከትራሷ ቀና ትላለች፣
የልጇን እግር በጨለማ ትዳብሳለች፣
ስፌቱን፣ ጣቶቹን፣ አንድ ሁለት።
ረዘም ስትል ግን
አንድ የማታውቀው ሰው፣ ቅጠሉ እየጠወለገበት፣
እግሩን ከነዳጁ አንስቷል ማለት ነው።

ትናንት ሌሊት አንዱ እጅግ ዘገየ።
ጓ፣ አለ።
ጠበቀች።
ጠበቀች፣
ሁለተኛውን ሳትሰማ እንቅልፍ ወሰዳት።