ሲሦ

ጣና ገና ሙሉ ነው፤ መስከረም ነው ጊዜው፤
ሽምብጥ ትምህርት ቤት፣ በልጅ ወንበር ጫፍ ላይ ጉልበቴን አጥፌው፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት እጄን ከጋቢዬ ሥር ሸሽጌው፣
መምህር አንማው ሲናገሩ ሰማሁ፦

«አምስተኛ ሌላ ነው። አንድ መምህር ነበር፣ ዘንድሮ ስምንት ነው፤
ደብተሩም እንዲያው፣ ጥያቄውም እንዲያው።
ትንሽ ያኮርፋሉ፤ ኩርፊያቸውን ቻሉ፤
ከእናት አባት ምክር የጓደኛን ሹክሹክታ ያስበልጣሉ።
ቦርሳ አትበርብሩ፤ ምን ተማራችሁ በሉ።
ባይገባችሁ እንኳ፣ ከጎናቸው አምሹ፤
አትሽሹ።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅሁ።
ግን ከአራተኛ ነው እኔ ያቋረጥሁ።
የታንኳዬ ዘንግ ወለል የሚነካው ደንገሉን እስኪያልፍ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን በልቤ ነው የምገምተው።
ልጄ ዘንድሮ ገባች፣
ዘንግ ከማይደርስበት።

ማታ ትርንጎ ደብተር ዘርግታ ክብ ሣለች፤ ለሦስት ከፈለች፤
አንዱን አጠቆረችና፣ «አንድ ሦስተኛ» አለች።
ሳቅሁ፦ «ይህማ ሲሦ ነው! ሲሦን እኔም አውቃለሁ፤
ለባለመረቡ ለዳምጤ፣ ማታ ማታ እከፍላለሁ።»
«ዛሬ ስንት ያዝህ?»
«ሃያ አራት ቆሮሶ።»
«ስንቱን ወሰደ?»
«አሥር።»
እርሳሷን ነከሰች። ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ ደግሞ ስትደምር፣
«አባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሲሦው እኮ ስምንት ነው።»

ዝም አልሁ። ደጅ፣ ማዕበሉ ደንገሉን ይገፋል።
መምህር አንማው ከነገሩን፣ ይህ አንዱ ቀርቷል።
«ተኚ በቃ፣ መሽቷል።»
«ቆይ አባ» አለች፣ አዲስ ገጽ ገልጣ፣
«የዓመቱ እስኪወጣ።»