ቆሞ የቀረ ሞገድ

በቺሎኤ ደሴት፣ በዝናቡ አገር፣
ሦስት ቀን ነፋሱ ሲማታ ከባሕር
ምሰሶው ወደቀ።
አባቴ ዌንሴስላኦ አዲስ አንቴና ሰቀለ፣
ብሎኑን አጠበቀ፣
እጁን በሱሪው ጠርጎ «ተናገሪ» አለ።

ተናገርሁ።
የአየሩን ጠባይ፣ የማዕበሉን ጉልበት
ለሳንታ ኤዱቪሄስ፣ ዘጠኝ ሰው ላለበት
ጀልባ። መልስ የለም።
ድምፄ ከጣቢያው በር ያለፈም አይመስልም።
መርፌው ይቅበጠበጣል፣ ቫልቩ ፍም መስሏል፣
ቆርቆሮው ይግላል፤
የላክነው ኃይል ሁሉ ደጁን አንኳኩቶ
ይመጣል ወደኛው እንደ ገደል ማሚቶ።
«ሆድ ይፍጀው» ሲባል ነው እኔ የማውቀው፤
ዛሬ ተመላሹ ቃል የማሰራጫውን ሆድ ፈጀው።

አባቴ ትንፍሽ ሳይል
(ይህስ አዲስ አይደለም፣
ከእናቴ ቀብር ወዲህ ሆድና ጀርባ ነን፣
ከሥራ ቃል በቀር የምንለዋወጠው የለም)
የባትሪ አምፑል በሽቦ ቀለበት
ከዱላ ጫፍ አስሮ፣ በድንች ማሳው መሃል
በሁለቱ ሽቦ ሥር በዝናብ ይሄዳል።
አምፑሏ ትፈካለች። ትደክማለች። ትሞታለች።
ደግሞ ትነሣለች፣
በየአርባ ስምንት እርምጃው ደግሞ ትጠፋለች።

ሂያጁና ተመላሹ መንገድ ላይ ተገናኝተው
አልለቅም፣ አልለቅም ብለው
ቆመው ቀሩ ተፋጠው።
ሞገዱ ሆድ አለው፣ አንጓም አለው፤
ሆዱ ላይ ብርሃን፣ አንጓው ላይ ጨለማ ነው።
ቤታችንን መሰለኝ፦
ከማድ ቤቱ እስከ በሩ
የቱ ጋ ዝም እንደሚባል እግራችን ያውቀዋል።

«ሽቦው ደህና ነው» አለ፣ ለኔ ይሁን ለዝናቡ፣
«አንቴናውም ደህና ነው።
ስድስት መቶ ኦም ለምዶ የመጣ
ሰባ ሦስት ከለመደ ደጅ ደረሰ።
ጥፋተኛ የለም። መጋጠሚያው ነው፣ ልጄ።»

ልጄ።
ከሰኔ ወዲህ ያልሰማሁት።

ኃይሉን አጠፋሁ። ከምሰሶው ወዲህ ለክቶ
ጥንድ ሽቦ አንጠለጠለ፣ ጫፉን አገናኝቶ፤
ብየዳው እስኪረጋ ጃንጥላ ያዝሁለት፣
ዝናቡ በኔ አንገት ወረደ።
ትንሽ ወዲህ። ትንሽ ወዲያ። አሁንም ወዲህ።
መርፌው አደብ ገዛ።
አምፑሏ እንደ ቅድሙ አልፈካችም፣ ፈዘዝ ብላለች፤
ግን ከጣቢያው እስከ ምሰሶው
የትም ቦታ አልጠፋች።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሳንታ ኤዱቪሄስ መለሰች፣
በጎረነነ ድምፅ
መጠለያ ወደብ ጠየቀች።
አባቴ እርጥብ ጫማውን ሲያወልቅ
ወንበር ሳብሁለት።
«አባ» አልሁ፣ የቀረውንም አልሁ።
ግማሹ ተመለሰ መሰለኝ፣
ግማሹ ገባ።