ዐሥራ ሁለተኛው ቀለም

እኔ ካሲልዳ ነኝ፣ የማሳደጊያው ወጥ ሠሪ፣
በኦሩሮ ውርጭ ላይ ድንች ልጬ አዳሪ።
ባሕር ተሻግረው የሚመጡትን፣ የሚሄዱትን ሴቶች፣
ስማቸው ይጠፋኛል፤ የምለያቸው በግድግዳው ቀለሞች።

ማሪት ስትመጣ የመመገቢያው ክፍል ሰማያዊ ሆነ፤
ከሷ ወዲያ ቢጫ፤
ከቢጫው ወዲያ፣ የሁለት ጓደኛሞች ምርጫ፣
አረንጓዴ፤ በላዩ ላይ ዝሆን፣ በላዩ ላይ ቀጭኔ
(እዚህ ያለው ላማ ነው፤ ዝሆን አላየሁም እኔ)።

በየሦስት ወሩ ብሩሽ፣ በየሦስት ወሩ ሳቅ፣
በየሦስት ወሩ ደግሞ በር ላይ መተናነቅ፤
ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ አቧራ፤
ከዚያ ትንሿ ኔይዳ፣ ካልጋ ሥር፣ ከጫማ ጋራ።

ኔይዳ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷን ማዕድኑ በላው፤ እናቷ ወይን ለቀማ
ቺሌ ወርዳ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿም አልተሰማ።
ማሪት ናት ፊደል ያሳየቻት፣ ማሪት ናት ያበጠረቻት፣
«እመለሳለሁ» ብላ፣ ትንሿን ጣት በጣቷ ቆልፋ የማለችላት።
ስለዚህ የመጣችውን ሁሉ ኔይዳ «ማሪት» ትላለች፤
ስማቸውን ቢነግሯት፣ ቢጽፉላት፣ ሰምታ እንዳልሰማች።

ግድግዳው ወፈረ።
ባለፈው ሚስማር ስመታ፣ እንደ ሽንኩርት ተልጦ መጣ፤
ዐሥራ አንዱም ቀለም ተራ በተራ ባንድ ቀዳዳ ወጣ።
ከሁሉም ሥር ሰማያዊዋ፣ የምስር ፍሬ አክላ፤
ኔይዳ በጥፍሯ ፍቃ ወሰደቻት፣ በሶፍት ጠቅልላ።

በሰኔ፣ ብርዱ በጠና ሰሞን፣ ኢንግቪል መጣች፤
ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ረጅም፣ ገና ስትገባ ከጉበኑ የተጋጨች።
ሻንጣዋ ውስጥ ፊኛ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ብሩሽ፤
«ግድግዳው ያሳዝናል» አለች፤ «ልቀባው፣ ከፈቀድሽ?»
«ልጄ» አልኳት፣ «ግድግዳው ጠግቧል። እዚህ የራበው ሌላ ነው።»
ቢላ ሰጠኋት፤ አንድ ጆንያ ድንች ከፊቷ ዘረገፍነው።

አላወቀችበትም። ልጣጩ ወፈረ፣ ድንቹ ግን ቀጠነ፤
አውራ ጣቷን ቆረጠች፤ ፊቷ እንደ ፍም ሆነ።
አለቀሰች ይመስለኛል፤ ሽንኩርትም ነበር ባጠገቧ፤
እኔም አልጠየቅኋት፣ ያነባው ዓይኗ ይሁን ልቧ።

በማግስቱ ግን መጣች፣ ጣቷን በጨርቅ አስራ፤
በማግስቱም፣ በማግስቱም፤ ከኔ ቀድማ፣ ከባልዲዋ ጋራ።
ቅማል ለቀመች፣ ካልሲ ጠቀመች፣ የተሸናበት ፍራሽ አሰጣች
(መጀመሪያ ፎቶ ታነሳ ነበር፤ ኋላ ስልኳን የት እንዳኖረች ረሳች)።
አንድ ማታ ድስት ስንፈገፍግ፣ ለመምጣት የከፈለችውን ነገረችኝ፤
የሁለት ዓመት ደመወዜ ነው። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለችኝ።

ነሐሴ ሲያልቅ ኔይዳ መጣች፣ ባንድ እግሯ ብቻ ተጫምታ፣
«ማሪት፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» አለች፣ በዝግታ።
«መስከረም አሥር። ሐሙስ ጠዋት።»
«ትመለሻለሽ?» «አላውቅም።»
በዚህ ቤት፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
አንዲትም እንግዳ ያላለችው ቃል ነው። እኔ ጭልፋዬን ጣልኩ።
ኔይዳ አሰበች፤ አሰበች፤ አሁን ታለቅሳለች አልኩ።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት።

ሐሙስ ታክሲው ሲመጣ፣ ካልጋ ሥር ብፈልግ የለች፤
ጎማው የተሰበረ ሻንጣ፣ በሩ ድረስ ትገፋለች።
ግድግዳው እንደነበረ ነው። ዐሥራ ሁለተኛው ቀለም
የድንች አፈር ነው፤ ከጥፍሯ ሥር ገብቶ ሄዷል፣ በሳሙናም አይለቅም።

በጥቅምት ሁለት ይመጣሉ፤ ከቢሮ ደብዳቤ ደርሷል፤
«ቀለም ይዘን» ይላል።
ቢላዬ ግን ተስሏል።