የፈሰሰ ውኃ

ዐጅማን፣ ጁርፍ ሰፈር፣ ከብረት ቤቶች መሐል፣
ምንጣፍ ማጠቢያ አለ፤ ደፉ ሁሌ ይርሳል።
ፀሐይ ሳትበረታ ጉልዛር ዱላ ያነሳል፣
የሰው ሳሎን ጀርባ ሲመታ ይውላል።

እኔ ከሥር ሆኜ፣ ወንፊቴን ዘርግቼ፣
የረገፈውን ሁሉ እለያለሁ ነፍቼ፤
የተምር ፍሬ፣ መርፌ፣ የተሰበረ ጥፍር፣
አንዴማ የልጅ ጥርስ፣ በወረቀት እስር።
እሱን መልሰናል።
እናቲቱ በስልክ ብዙ ዝም ብላ፣
«ስንት ቀን ፈለግሁት» አለችን በኋላ።

የረገፈው ሱፍ ተለቅሞ ለትራስ ነው፤
አሸዋው ግን ታጥቦ ሌላ ሥራ አለው።

ዱሮ እንዲህ አልነበር። የሳሙናው አረፋ
ከበሩ ሥር ሾልኮ እንደ ሊጥ ሲነፋ፣
ድመት ሲያንሸራትት፣ ጎማ ጠጋኙ ሲቆጣ፣
ማዘጋጃ ቤቱ ደብተሩን ይዞ መጣ።
ቡ ጁምዓ ቅጣቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፣
ጺሙን እያሻሸ ለብቻው አሰበ፣
በማግስቱ ሄዶ ሦስት በርሜል ገዛ፤
ሁለቱ ሰማያዊ፣ አንዱ በዘይት የወዛ።

አንደኛው ዝቃጩን ከሥር ያስተኛዋል፤
ሁለተኛው በጠጠር፣
ምንጣፍ ባራገፈው በዚያው አሸዋ ያጠራዋል፤
ሦስተኛው ይዞ ያድራል፤
የዛሬ ማለቅለቂያ፣ የነገ መዘፍዘፊያ ይሆናል።
ላስቲኩም አይጣልም፤ ምንጣፍ የመጣበት፣
ገመድ ላይ ይደርቃል፣ ሌላ ሊጠቀለልበት።

አንድ ቀን ለጉልዛር ተረትሁ በሀገሬ አፍ፦
«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም»።
በሰባራ ዐረብኛ ፈታሁለት።
እስኪያስለው ሳቀና በዱላው ጫፍ
በርሜሎቹን አሳየኝ፤ «ይሄስ ታዲያ?»
መልስ አጣሁ።
ተረቱን የተረቱት ምንጭ አጠገብ ያደጉ ናቸው።
እዚህ ውኃ ማለት፣ ባሕሩን አፍልተው፣
ጨውን አስተፍተው፣
በቆጣሪ ለክተው የሚሸጡት ነው፤
ማን ነው ጨክኖ የሚደፋው?

ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀር፣
ፒካፕ ቆሞ ነበር ከቆርቆሮው በር።
ሾፌሩ ጥቅሉን ከኋላ ወርውሮ፣
«መዳም ጣሉት ብላለች» አለን፣ ሄደ በርሮ።

ፈታነው። ጥቁር ቀይ፣ ዳሩ ቅጠል ቅጠል፣
ጥጉ ላይ እድፍ አለ፣ የተኛ ውሻ መሳይ።
ከዓይኔ በፊት ያወቀው ጉልበቴ ነው።
ሁለት ዓመት በላዩ ተንበርክኬ ጠርጌአለሁ።
የሮማን ጭማቂ ነው፤
ትሪው ከእጄ ያመለጠ ቀን፣
እንግዶቹ ፊት።
የሦስት ወር ደሞዜ በዚያች ጠብታ ገባ፤
ያኔ ያለቀስኩት እንባ
ከእድፉ ጋር አብሮ ደርቆ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

ለማንም አልተናገርሁም።
ኮምጣጤ፣ ሳሙና፣ የሦስተኛው በርሜል ውኃ፣
ሦስት ቀን ደከምሁበት፤ ጠየመ እንጂ አልለቀቀም።
ቡ ጁምዓ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ፤
ምላጭ አስመጥቶ ደህናውን ለየ።
ሁለት መስገጃ ወጣው፣ አንድ የበር ምንጣፍ፤
የዳሩ ክር ተመዞ ገመድ ሆነ፣ ጥቅል ማሰሪያ።
የቀረችው ያቺ ጥግ ብቻ ናት።
«ይሄስ?» አለ፤ «ይሄማ...»
«ለኔ» አልሁት።

ፓምፑ ሲሠራ ሲሚንቶው ላይ ይዘል ነበር፣
ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሲቆረቁር።
አነሳነው፤ ጉልዛር በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፣
የተኛውን ውሻ ከሥሩ አነጠፍሁለት።

ትናንት የጠጋኙ ልጅ በሩን አንኳኳ።
«ሞተራችሁ ተበላሸ እንዴ?
እንቅልፍ ወሰደን'ኮ፤ ድምፁ ጠፋ።»
አልተበላሸም አልሁት፤
ሥራ ላይ ነው።