አረቦን

የእኔ ሥራ መኪና ነው፤ ሲኖትራክና አይሱዙ፣
አባይ በረሃ ላይ ፍሬን በጥሰው የሚጓዙ፤
የባጃጅ መስታወት፣ የወፍጮ ቤት ሞተር፣
ነፋስ የገለበጠው ጣራ፣ የተቃጠለ አጥር።
ለሰው ዋስ ሆኜ አላውቅም፣ እስከዚያ ሰኞ ቀን፣
አባትና ልጅ በሐምሌ
ከነዝናባቸው ገብተው ወንበር እስኪሞሉብን።

ኤምባሲው «ያለ መድን ቪዛ የለም» ብሎ
መልሷታል፣ ጉዞዋን አየር ላይ አንጠልጥሎ።
«ስም?» ስል «ማስተዋል» አለች፤ «የአባት?» ብዬ ስጠይቅ
«አንሙት» አሉ ራሳቸው፣ ጥርሳቸው ሳይስቅ።
«ሞት ቢደርስ ወራሿ» ከሚለው ሣጥን ላይ
«አንሙት» ብዬ ጻፍኩት፤ ብዕርስ አይስቅም ወይ?

«ነባር ሕመም አለባት?» «ወባ፣ ብር ሸለቆ፣
በሰባት ዓመቷ። ሄዷል» አሉ፣ ድምፃቸው ተጨንቆ።
«የት ነው የምትማሪው?» «ሃንጋሪ፣ ደብረጼን፣
የውሃ ምህንድስና።»
ሽማግሌው ቀና አሉ፣ ወልውለው መነጽሩን።
«እኛስ ደብረ ማርቆስ ነን፤ የዚያኛው ደብር የማን ነው?
ታቦቱን ንገሩኝና ከዚሁ ልሳለመው።»
«ስሙ ብቻ ነው አባዬ፣ ደብር አይደለም» አለች፤
ሳቋን ጉንጯ ውስጥ እንደ ጉርሻ ያዘች።

ዳኛ ናቸው አንሙት፣ የውሰታ እድር ዳኛ፤
ለቅሶ የቀረን ቀጪ፣ ለድንኳኑ ዘበኛ።
«ስንት ድንኳን አላችሁ?» አሉኝ ውሉን ይዘው፤
«ብረት ድስታችሁስ? ወንበሩ ስንት ነው?»
«ስልክ ነው ያለን» አልኩ፣ «ቀን ሌት የሚነሣ፤
ለታመመ ሐኪም፣ ለጠፋ ሻንጣ ካሣ።»
«የሚያነሣውን ሰውዬ በስሙ ትጠራዋለህ?
እናቱ ስትሞት ቃሬዛ ተሸክመሃል አብረህ?»

አላውቀውም።

ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ጣታቸው ቆመ፤
ውጭ የቆርቆሮው ዝናብ ይበልጥ አጉረመረመ።
«አስከሬን መመለሻ» ይላል፣ በዩሮ ይቆጥራል፤
አውራ ጣታቸው ሄዶ መስመሩን ይሸፍናል፣
ልጅቱ እንዳታይ ነው። የእኛ ውል ገና
ሳይፈረም፣ ያ ነበር የመጀመሪያው ዋስትና።
እሷ ግን ቀድማለች፤ ሌሊት በስልኳ ብርሃን
ሦስት ጊዜ አንብባዋለች አንቀጽ ዘጠኝን።
«አይቼዋለሁ አባዬ፤ እኔ ነኝ ያስጨመርኩት፤
ባዶ ድንኳን እንዳትቀመጡ፣ ለእናንተ ነው የፈራሁት።»
አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ተነሣ።

አረቦኑ መጣ፣ ከፌስታል ተፈታ፤
የብዙ ሰው ኪስ ነው፣ የብዙ ሰው ሽታ።
እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጸሐፊው እንዲህ አለ፦
«ደንቡ ለሞተ እንጂ ለሄደ መች ከፈለ?»
አንጓች ብድግ ብላ፣ ባሏን አምና የቀበረች፣
«ለሄደ ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ለሞተ እንዳትከፍሉ» አለች።
ይህን ሲያወሩኝ ብሩን ሁለቴ ቆጠርኩት፤
አንዲት የተቀደደች አሥር ብር ነበረች፣
በእኔ አሥር ለወጥኳትና ኪሴ አስቀመጥኳት።

በዓመቱ ብቻቸውን መጡ፣ ውሉን እንደ ዳዊት
ብብታቸው ሸጉጠው። «ምንም አላገኛት፤
ሻንጣዋም አልጠፋ፣ ጉንፋንም አልያዛት።
ገንዘቡ ይመለሳል?»
«አይመለስም አባ፤
ለሌላ ታማሚ ነው ከሣጥናችን የገባ።»
«እድር ነው በለኛ!» ብለው እስከ እንባቸው ሳቁ፤
ከዚያ ዝም አሉና ወለሉን እያዩ ራቁ።
«የታመመው የማን ልጅ ነው?» አሉኝ ደርሰው ከበሩ።
አላውቅም አልኩ።
«ይማረው» አሉና
ዣንጥላቸውን እንደ ድንኳን ወጠሩ።