ዝገት ቀቢ

ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር አትሊዬ
ከዝገት ጋር ኖርኩኝ፣ በብረት ብሩሽ ታግዬ።
የጅቡቲ ጨው የበላው ፉርጎ ሲቆም ከበር፣
ፍቄ፣ አሽቼ፣ እቀባው ነበር፤
መጀመሪያ ቀይ አንቲረስት፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣
ሼፉ በጣቱ ነክቶ «ይሂድ» እስኪል አንዴ።

ጡረታ ወጣሁ። አትሊዬውም ዝም አለ።
ማሽኑ ከነዘይቱ በቆመበት ዋለ።

ረምዚ ነው ያመጣት፤ ታይዋን ተራ ሱቅ ያለው፣
ከባትሪና ከሽቶ፣ ከሕፃን ጫማ ሥር ያገኘው
አንድ ካርቶን ሣጥን፣ ክዳኑ በፀሐይ የነጣ፣
በኮንትሮባንድ ገብቶ ገዢ ያጣ።
«የጃፓን የጦር አውሮፕላን ናት፤ የጥንት፤
ገጣጥመህ የምትሠራት፤
ለልጅ ነው መሰለኝ» አለ።
የኔ ልጅ አርባ ሞልቷታል፤ አዳማ ነው የምትኖረው።
ገዛኋት።

ክንፏ፣ ሆዷ፣ ጭራዋ በአንድ ፍሬም ተንጠልጥሎ
እንደ ተበላ ዓሣ አጥንት፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ።
መመሪያው በጃፓንኛ ነው፤ ሥዕሉን ብቻ አነበብኩ፤
በምላጭ ቆረጥኩ፤ በጥፍር ሞረድ ሞረድኩ፤
ቅንጣቷ እንዳትበር ትንፋሼን ዋጥኩ።
ከሽንብራ የምታንስ መሪ፣ ከጤፍ የማትበልጥ ብሎን፣
መነጽር በመነጽር ደርቤ፣ ስዳብስ ዋልኩ ወለሉን።

አብራሪም ነበራት፤ ቁመቱ ግማሽ ክብሪት፣
እጁ ከጉልበቱ የተጣበቀ፣
ፊት ያልሠሩለት።
ብሩሹን አንስቼ ቆየሁ።
ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው።
ወዴት ሲያይ ልሣለው? ምን ዓይነት ዓይን ልስጠው?
በክብሪት ቀፎ አስተኝቼ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።
ያለ ሰው ነው የቆመችው።

ቀባኋት። ጀርባዋን አረንጓዴ፣ ሆዷን ግራጫ፣
በክንፎቿ ላይ ቀይ ክብ ፀሐይ፣ ጨረር የሌላት።
አማረች። እሱ ነው ያላማረኝ።
ትናንት እንደ ተወለደች ቆማ ዋሸችኝ።
ክዳኑ ላይ የተሣለችው እኅቷ ባሕር ዳርቻ ቆማ
ቀለሟ እንደ ለምጽ ተልጧል።
ጨው ነው፤ አወቅኩት።
ጨው ቀለም እንዴት እንደሚበላ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ፍቄ በብር ቀለም ደገምኳት፤
ርጥብ ጨው ነሰነስኩባት፤
በላዩ አረንጓዴውን። ሲደርቅ በአውራ ጣቴ አሸሁ።
ጨው ሲረግፍ ቀለሙም አብሮ ረገፈ፤
ፕላስቲኩ ከሥሩ ብረት መሰለ።

ብዙወርቅ ከጓዳ «ጨዉን ማን ወሰደው?» አለች፤
መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፦
«ሰው አሮጌውን ያድሳል፤
አንተ አዲሱን ታስረጃለህ?»
መልስ አልነበረኝም።
ሠላሳ አንድ ዓመት የፋቅኩትን ዝገት
በቀጭን ብሩሽ፣ ነጥብ በነጥብ፣ መለስኩት፤
ቡናማ ከብርቱካን፣ ትንሽ ጥቁር በብሎኑ ዙሪያ።
እጄ ያውቀው ነበር ለካ፣
የጠላውን ሰው መልክ እንደማይረሳ ሰው።

ለጥላሸቷ ከሰል ፈጭቼ
ከጭስ ማውጫዋ ወደ ኋላ በጣቴ ሳብኩት፤
ለጎማዋ የደቻቱን አሸዋ በካልሲ ነፋሁት።

ረምዚ ሊያያት መጣ፤ ሳቀ።
«አዲስ ሸጬልህ አሮጌ አደረግካት!
ገንዘብ አልመልስም!»
ጎማዋን ነካ አደረገና፣ «አፈሩስ?»
«ከደቻቱ።»
ጣቱን ሰበሰበ።
በዚያ የሐምሌ ሌሊት ውኃው ሲመጣ
እናቱ በር ልትዘጋ ነበር የተነሣችው።
ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።
በማግስቱ ጎማዋን በርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ።
ከስንጥቁ ግን አልወጣም።

አሁን ከዚራ፣ መስኮቴ ላይ ናት።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣
የድሬ ፀሐይ በመዝጊያው ክፍተት ሾልካ
ክንፏ ላይ ያለችውን ፀሐይ ታገኛታለች።
ትናንት ልብ አልኩ፦ ቀዩ ወደ ሮዝ ሄዷል፣
እኔ ባልነካሁት በኩል፣
ያለ ጨው፣ ያለ ብሩሽ።
ፈረቃዋን ተረከበች።
ብሩሼን በቤንዚን አጠብኩ፤
በጨርቅ ጠቀለልኩት።