ተራ ቁጥር ስድሳ አንድ

ደቻቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ፣ ማታ በአሸዋው ሲተፋ፣
መብራት ሄዶ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ማራገቢያው ሁሉ ሲያንቀላፋ፣
የሌሊት ተረኛ ነበርሁ፤
በሻማ፣ የሰው ደም በመስታወት ላይ እየቀባሁ።

መጣ፤ በር አላንኳኳም።
ቁመቱ የልጅ ያህል፤ ስምንት ጣት አለው፤ ያልተፈቀደለትን አይነካም።
ጅን ነው ብዬ ቢስሚላህ አልሁ፤ ቆሞ አዳመጠኝ፤
ስጨርስ፣ በርሜሉን እያሳየ፣ «ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በርሜሉ ውስጥ የትንኝ እጭ አለ፣ ከገንደ ቆሬ የቀዳሁት፣
ነገ መድኃኒት ላፈስበት፣ በጨርቅ ሸፍኜ ያስቀመጥሁት።
«ይህን ደግሞ ማን ይቆጥራል?»
«እኛ» አለ። ተቀመጠ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆጠራቸው፣
አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ ሰላም እያላቸው።

አገሩን በጣቱ አሳየኝ፦ ከለገሃሩ ጣሪያ በላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ፤
እዚያ ሰው በወገኑ ይኖራል፤ የሚነግሥ አለ፣ የሚጠርብ አለ፣ ነፋስ የሚገራ፤
ከሁሉ በታች እነሱ፣ ነፍስ ቆጣሪ የሚባሉ፣
ከሻጋታ እስከ ንጉሥ የሚተነፍሰውን ሁሉ የሚያጠኑ፣ የሚያሰሉ።
የዘራቸው ስም በእኛ ጉሮሮ አይወጣም፤
ብሞክረው አሳለኝ። ሳቀ መሰለኝ፤ ጥርስ ግን አላየሁም።

ማንም አያገባቸውም። በሰርግ ከአጥር ውጭ ይቆማሉ፤
የጠጡበት ዋንጫ ይሰበራል፤ ምጥ ሲጠና ግን ይጠራሉ፤
ሰብል ሲታመም ይጠራሉ፤
ንጉሥ ሲያስለው፣ ሌሊት፣ በጓሮ በር ይገባሉ።
«ለምን?» አልሁት።
«ስንት እንደቀራቸው ስለምናውቅ።»

ዝም አልሁ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ልጅ አይቆጠርም የምትል፤
«ስንት ወለድሽ?» ሲሏት፣ «ጥቂት እንጨት» ብላ የምታታልል።
አባቴም። ቱምቱ ነበር፣ ከኤረር በር ውጭ ብረት የሚቀጠቅጥ፤
ማጭዱን የማይገዛ የለም፤ ከጣሳው ግን ማንም ደፍሮ የማይጨልጥ።
ዝናብ ሲቀር እሱን ያማሉ፣ ላም ስትነጥፍ ዓይኑን ያማሉ፤
በማግስቱ ዶማ ይዘው፣ «ሙሜ፣ እንዴት አደርክ?» ይላሉ።
እኔ ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ውጤት ሲፈልጉ «ዶክተር» ይሉኛል፤
ልጅ ለትዳር ስጠይቅ ግን፣ የአያቴን ስም ይጠይቁኛል።

ይህን ለእንግዳው አልነገርሁትም።
ጣሳዬን ሞላሁ፤ ግማሹን ጠጣሁ፤ ግማሹን ሰጠሁት።
ጣሳውን አየ፤ እኔን አየ፤ ሊሰብረው የሚመጣ ሰው ጠበቀ፤
ማንም አልመጣም፤ ጊዜው ረዘመ፤ ሻማው ወርዶ አለቀ፤
ያኔ፣ በጨለማው፣ ሲጠጣ ሰማሁት።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት» አለኝ ስለ በርሜሉ።
መድኃኒቱን ነገርሁት፤ ጠዋት እንደሚያልቁ ሁሉ፤
የጎረቤቴ ልጅ ኢፍራህ በትኩሳት መንደዷን፣
ግድግዳ ስትቧጥጥ ማደሯን።
አልገሠጸኝም። «ቁጥሩን ጻፈው» አለ፤ «ከዚያ አፍስስ፤
ሳይቆጠር የሚሞት አይኑር፤ ያልተቆጠረ አይፍሰስ።»

ሊነጋጋ ሲል ተነሣ። «እናንተንስ ማን ይቆጥራችኋል?» አልሁት ከበሩ።
ጥያቄው በቋንቋቸው ቤት የለው ይመስል፣ ቃላት በአፉ ተደናበሩ።
ሄደ፤ ወደ ሰማይ አይደለም፣ በወንዙ አሸዋ፣ በእግሩ።

መብራት መጣ። ማራገቢያው ጮኸ። መዝገቡን ገለጥሁ፤
ከስድሳኛው በሽተኛ ሥር አንድ መስመር አሰመርሁ።
ስም፦ በጉሮሮ የማይወጣ።
ዕድሜ፦ አልጠየቅሁም።
ናሙና፦ በጣሳ አፍ ላይ የቀረ እርጥበት።
ውጤት፦ አለ።

አለቃዬ በማግስቱ አየውና፣ «አለ? ምኑ? ወባው?» አለኝ።
በርሜሉ ላይ እያፈሰስሁ ነበር፤
ቁጥር እንዳይጠፋኝ ብዬ፣ አልመለስሁለትም።